የፔግ ቀለበት

ሬቨንስቢ ውስጥ ኤኒድ ስታቭሊን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው፤ ሐኪሟ፣ የባንክ ቤቷ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም ቄሱ። ለተቀረው ከተማ እሷ ፔግ ናት። የአውቶቡሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ «ግቢ ፔግ፤ ብቻ ዛሬ እንዳታስሪኝ፣ ተሳፋሪ አለብኝ» ይላታል። ዓሣ ጠባሹ ኬን ድንቹን በወረቀት እየጠቀለለ «ለሕግ ሰው ጨው ይብዛ ይነስ?» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያችኑ ቀልድ ነው የሚቀልደው፤ እሷም ሃያ ዓመት ሙሉ «ይነስ» ትለዋለች።

ፔግ የቴሌቪዥን ሰው ናት። ከአርባ ዓመት በፊት «ኮርቢ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር፤ በሰሜን ባሕር ዳር ባለች የወደብ ከተማ የሚሠሩ የሁለት ሴት ፖሊሶች ታሪክ። ሳጅን ኮርቢ ፈጣን ናት፣ አፈኛ ናት፣ ሌባ ስታባርር ቆቧ አይወድቅም። ፔግ ዝምተኛዋ ናት፤ ያየችውን አትረሳም፣ ውሸት አይሆንላትም። አገሩ ሁሉ እሑድ እሑድ እራቱን በልቶ እነሱን ያይ ነበር። ድራማውን የጻፈው ሰው ከለንደን መጥቶ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው መጠጥ ቤት የብርዱን ወራት ሙሉ ተቀምጦ፣ ሁለት የከተማዋን ሴት ፖሊሶች ሲያዳምጥ እንደከረመ ሬቨንስቢ ውስጥ የማያውቅ የለም። ኖርማ ኬተሪል ታወራለች፣ ኤኒድ ስታቭሊ ታርማለች። «ማክሰኞ ነበር» ትላለች ኖርማ። «ሐሙስ» ትላለች ኤኒድ። ከዚያ መጠጥ ቤት ኖርማ ኮርቢ ሆና ወጣች፤ ኤኒድ ደግሞ ፔግ።

ሁለቱ ፖሊስ ቤት የገቡት በአንድ ወር ነው። ለወንዶቹ ክንድ የሚያህል ዱላ ሲሰጥ፣ ለሴቶቹ የተሰጠው ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ነበር፤ ዱላቸውም ከቦርሳው እንዲገባ ተብሎ አጥሮ የተሠራ። ኖርማ የመጀመሪያ ቀን ዱላዋን አውጥታ አየችውና «ይሄ ሊጥ ማዳመጫ ነው ወይስ ሌባ መምቻ?» አለች። ኤኒድ ሳቀች። በሥራ ላይ የሳቀችበትን ቀን ሁሉ ብትቆጥረው ከኖርማ ጋር የነበረችበት ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ በሚወርድበት አንድ ንጋት፣ ከዓሣው ወደብ ጀርባ ካሉት ጠባብ ቤቶች ወደ አንዱ ተጠሩ። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ነው የደወለው። በሩን የከፈተችው ሪታ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። መርከበኛው ባሏ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ይመታታል፤ ሁለቱም ቤቱን ያውቁታል። ያን ዕለት ግን ወለሉ ላይ የተዘረረው እሱ ነበር። ሪታ በካውያ መትታዋለች። ይተነፍሳል፤ ከጆሮው ደም ይወርዳል። ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሹ አንድ እግሩን ብቻ ነው ጫማ ያደረገው።

ሕጉ ግልጽ ነበር። ሪታ ልትታሰር፣ ልጆቹ ለመንግሥት ሊሰጡ። ኖርማ ካቴናዋን ከቦርሳዋ አወጣች። «ተይው» ያለቻት ኤኒድ ናት።

ለሰውዬው አምቡላንስ ጠሩለት። ኤኒድ ልጆቹን እየመራች ወደ መኪናው ወሰደች፤ ከፔርሙዟ ክዳን ላይ ሻይ ቀድታ አጠጣቻቸው፤ ኖርማና ሪታ ጥቂት ቆይተው ወጡ። የመጀመሪያው ባቡር ሦስቱን ወደ ሪታ አክስት ይዟቸው ሄደ። ከጣቢያው ሲመለሱ ኖርማ መሪውን እንደያዘች «እኔ አላየሁም» አለች። «እኔም» አለች ኤኒድ። መሐላቸው ይኸው ነበር። በሪፖርቱ ላይ ኤኒድ በራሷ እጅ «ስንደርስ ከሰውዬው በቀር በቤቱ ማንም አልነበረም» ብላ ጻፈች። ሰውዬው ዳነ፤ ሚስቴ መታችኝ ለማለት አፍሮ ከደረጃ ወደቅኩ አለ። ነገሩም በዚያው ቀረ።

ለኤኒድ ግን አልቀረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም ለሳጅንነት እንዲወዳደሩ ሲጠየቁ እሷ አልፈልግም አለች። ሳጅን የሌላውን ፖሊስ ጽሑፍ አንብቦ «እውነት ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው፤ ያን ቃል የጻፈች እጅ በሰው ጽሑፍ ላይ ልትፈርድ አይገባትም ብላ ነው። ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም። ኖርማ ተወዳድራ አለፈች። በቴሌቪዥኑ ኮርቢ ሳጅን፣ ፔግ ተራ ፖሊስ ሆነው የቀረቡትም በዚሁ ነው።

ሪታ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባሏ ባሕር ላይ ከሞተ ወዲያ፣ ልጆቿን አሳድጋ ተመለሰችና ገበያው መንገድ ላይ የሹራብ ክር መሸጫ ከፈተች። ኤኒድ ሹራብ መሥራት ትወዳለች። ክሯን ግን በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄዳ ነው የምትገዛው። አንድ ሰው ሁለቱን አብረው አይቶ «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ቢል ምን ይመለሳል? ሪታን ከሩቅ ካየች መንገድ ትሻገራለች። ዝናብ ቢሆን ነፋስ፣ ትሻገራለች።

ጡረታ ከወጡና የኖርማ ባል ከሞተ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ የኖርማ ቤት ቀን ሆነ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጣቢያ የድሮውን «ኮርቢ» በድጋሚ ያሳያል። ጨዋታ ነበራቸው። በመካከላቸው የሚንት ከረሜላ በሳህን ይቀመጣል፤ በድራማው ውስጥ ፖሊስ የማያደርገውን ነገር ቀድማ አይታ «ስህተት» ያለች አንድ ከረሜላ ትወስዳለች።

«ስህተት» ትላለች ኖርማ፤ «ያን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ እንዴት ትሮጣለች? ማሰሪያው ሁለት እርምጃ አይቆይም ነበር።»

«የአንቺ ነዋ የተበጠሰው። የኔ አልተበጠሰም።»

«አንቺ መቼ ሮጠሽ ታውቂያለሽ እቱ? ሌባው ደክሞት እስኪቀመጥ ነበር የምትጠብቂው።»

ሳህኑን ብዙ ጊዜ ባዶ የምታደርገው ኤኒድ ናት። ኖርማን ግን በዚህ ሲከፋት አይታት አታውቅም። የመጀመሪያውን «ኮርቢ» በወጣትነታቸው ያዩት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በኖርማ ባለቀለም ቴሌቪዥን ነበር። በመንገዱ ሙሉ ባለቀለም ቴሌቪዥን የነበራት እሷ ብቻ ናት፤ ደመወዛቸው ቀጭን በነበረበት ዘመን የገዛችው፣ አጎቴ ሞቶ አወረሰኝ ብላ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት «ኮርቢ» እንደ አዲስ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። የድሮዋ ተዋናይት፣ አሁን አሮጊት፣ ጡረታ የወጣች ኮርቢ ሆና ትመለሳለች፤ አንዲት ወጣት መርማሪ እየመጣች ታማክራታለች። ሥራውን የምትመራው ታምሲን የምትባል ሴት ሁለቱን አማካሪ ልታደርጋቸው ጠየቀች። ኤኒድ እምቢ አለች። «አንዴ ተሠርቷል፤ ምን ጎደለው?»

«እኔ ለሁለታችንም እሆናለሁ» አለች ኖርማ።

በዚያው የብርድ ወቅት ኖርማ ታመመች። ታምሲን እየመጣች አልጋዋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ ኤኒድም ሻይ አፍልታላቸው ወደ ማድ ቤት ትመለሳለች። በፀደይ መግቢያ ኖርማ ሞተች። ለኤኒድ የተወችላት ጥቁሯን የፖሊስ ቦርሳዋን ነው። ማክሰኞ ሲመጣ ኤኒድ ቤቷ ቁጭ ብላ ብቻዋን ታያለች። ከረሜላ በሳህን ማስቀመጥ ግን አልቻለችም፤ ማንን ልትቀድም?

በመኸር አዲሱ «ኮርቢ» አለቀ። እሑድ ለአገሩ ሁሉ ሊታይ፣ ቅዳሜ ደግሞ በቀድሞው ሲኒማ ቤት ለሬቨንስቢ ሰው ሊመረቅ ተወሰነ። ሙዚየሙ የኖርማን ቦርሳ ለዕይታ ጠየቀ። ኤኒድ ደግሞ ስለ ኖርማ ጥቂት ቃል እንድትናገር ተለመነች፤ በሕይወቷ ከፍርድ ቤት በቀር ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ ለኖርማ ሲሆን ግን እሺ አለች። ረቡዕ ዕለት ታምሲን ቀድማ እንድታየው ጋበዘቻት።

ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ታምሲን ሻይና ብስኩት አቀረበች። ገና ከጅምሩ ወጣቷ ኮርቢ በሱሪ ከመኪና ስትወርድ ኤኒድ ሳታስበው «ስህተት» አለች።

«ምን አሉ?»

«ሱሪ የተሰጠን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አይ ምንም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። በሆዷ ሦስት ከረሜላ ያህል ለኖርማ፣ ሁለት ለራሷ እየቆጠረች፣ ፈገግ እያለች ማየቷን ቀጠለች።

ከዚያ ንጋቱ መጣ። በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ይወርዳል። አንድ ዓይኗ ያበጠ ሴት በር ትከፍታለች። ወለሉ ላይ ሰው ተዘርሯል፤ አጠገቡ ካውያ አለ። ደረጃው ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፤ ትንሹ ባለ አንድ ጫማ ነው። ፔግ «ተይው» ትላለች። ሻዩ ከፔርሙዝ ክዳን ላይ ይጠጣል። መኪናው የቆመው ልክ ቆሞ በነበረበት፣ የመንገድ መብራቱ በጠፋበት በኩል ነው። ኤኒድ ስህተት ፈለገች። እየሰመጠ እንዳለ ሰው ነበር የፈለገችው፤ አንድ የተሳሳተ ነገር ብታገኝ የሌላ ሰው ታሪክ ይሆንላት ነበር። አላገኘችም። ይህን ንጋት በዓለም ላይ ያዩት አዋቂዎች አራት ናቸው። አንዱ ራሱን ስቶ ነበር። አንዷ ሪታ ናት። አንዷ እሷ። አንዷ ኖርማ።

ወዲያው ሴትዮዋ ከጣቷ ላይ ባለ ሦስት ፈርጥ ቀለበት አውጥታ ለፔግ ሰጠች። ፔግ ግራ ቀኝ አየችና ቀለበቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የዛሬዋ አሮጊት ኮርቢ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ለወጣቷ መርማሪ እንዲህ ትላታለች፦ «ከሁሉም የማምናት እሷን ነበር።»

መብራቱ በራ። «እንዴት አገኙት?» አለች ታምሲን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኤኒድ የሻዩን ስኒ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ፔርሙዙ ትክክል ነው» አለችና ኮቷን ለበሰች።

ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። የኬን ሱቅ በር ላይ ስትደርስ ኬን ከውስጥ ጮኾ ጠራት። «ፔግ፣ ማስታወቂያውን አየነው እኮ! ‹ፔግ ምን ወሰደች?› ይላል። ምን ወሰድሽ? ለኔ ብቻ ንገሪኝ።»

«ምንም።»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት» አለ ኬን፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ከእሑድ በኋላም እንዲሁ ይስቁ ይሆን? ኤኒድ ይህን ከተማ ታውቀዋለች። ኮርቢ ያደረገችውን ሁሉ ኖርማ እንዳደረገችው አምኖ የኖረ ከተማ ነው። ፔግ ያደረገችውንስ ማን አደረገው ሊል ነው?

ይህን ግን ለጊዜው ወደ ኋላ ገፋችው። የቀደማት የሪታ ነገር ነው። ሪታ ሳታውቅ እሑድ ማታ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ያን ብታይስ? በማግስቱ ጠዋት ኤኒድ ሠላሳ ዓመት ያልረገጠችውን ደጃፍ ረገጠች። የሱቁ ደወል ጮኸ። ሪታ ከክሮቹ መደርደሪያ ጀርባ ቀና አለች፤ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል።

«ኤኒድ» አለች። በስሟ ነበር የጠራቻት። «ኧረ ግቢ፤ ዛሬ አልተሻገርሽም?»

ኤኒድ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። «የመጣሁት ላስጠነቅቅሽ ነው። የዚያን ዕለት ነገር በቴሌቪዥን ሊወጣ ነው። እኔ አልተናገርኩም። እንድታውቂው ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ሪታ ግራ ገባት። «ኖርማ አልነገረችሽም እንዴ? ከመሞቷ በፊት አስጠርታኝ ነበር። ስምሽ አይጠራም፣ ፈቃድሽን ስጪኝ አለችኝ። እኔም ለልጆቼ ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ ከዚያ አቀፉኝ። ተገላገልኩ እቱ። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

«አላውቅም ነበር።»

«‹ኤኒድ እሺ ብላለች› ነው ያለችኝ እኮ።»

ኤኒድ ከደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት በዝናብ መንገድ የተሻገረችለት ምስጢር አልጋ አጠገብ ተነግሮ፣ ተፈቅዶ፣ ተለቅሶበት አልቋል። ያልተጠራችው እሷ ብቻ ናት። ያኔ ማድ ቤት ሻይ ታፈላ ነበር።

«ልጆችሽ ካወቁ ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድ የተሳሳተ ነገር ግን አለው። ቀለበት ወሰደች ይላሉ። የምን ቀለበት? ሰው አይቶ ቢጠይቅሽ እወቂው፣ ያን የፈጠሩት እነሱ ናቸው።»

ሪታ በእጇ የያዘችውን የክር ጥቅል መደርደሪያው ላይ መለሰች።

«ቀለበቱ እኮ እውነት ነው» አለች ሪታ። «የአያቴ ነበር፤ ባለ ሦስት አልማዝ። ከባሌ ደብቄ ነበር ያቆየሁት። አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ስትወጪ… ኖርማ ምንም አላለችም። እጇን ብቻ ዘረጋች። ሰጠኋት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ለሁለታችሁ መስሎኝ ነበር። ኤኒድ፣ አንቺም ያለሽበት መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«መንገድ ስትሻገሪ አፍራ ነው እል ነበር።»

ኤኒድ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ትዝ ያላት ሌላ ነገር ነበር። ያ ባለቀለም ቴሌቪዥን የተገዛው ከዚያ ንጋት በኋላ በዚያው በፋሲካ ሰሞን ነው። «አጎቴ አወረሰኝ» ነበር ኖርማ ያለችው። የኖርማ አጎት የተቀበረው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ ድራማው ተጀምሮ ነው፤ የአበባውን ጉንጉን ተሸክማ ከመቃብሩ ያደረሰችው ራሷ ኤኒድ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱም እውነቶች ጭንቅላቷ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ያየችውን የማትረሳው ፔግ አላገናኘቻቸውም። የማታውቀው ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት ታገናኘው ነበር።

ቤቷ ገብታ የኖርማን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኪሶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች፣ እንዳስተማሯቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ከዚያ መቀስ አምጥታ ገበሩን ቀደደች። የተጨመደደ የአውቶቡስ ትኬትና ግማሽ የሚንት ከረሜላ አገኘች። ሌላ ምንም አልነበረም። ቀለበቱን አገኛለሁ ብላም አልነበረም የፈለገችው። ኖርማ ለሷ የተወችው አንድ ቃል ይኖር ይሆን ብላ ነበር።

ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ ሞላ። ከመጋረጃው ጎን የኖርማ ፎቶ ቆሟል፤ ቆብ አድርጋ ስትስቅ፣ በአበባ ተከብቦ። ኤኒድ ታምሲንን በኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ኖርማ ያን ታሪክ መጀመሪያ ስትነግርሽ፣ ቀለበቱን የወሰደችው ማን ነበረች?»

ታምሲን ቀላች። «ወይዘሮ ስታቭሊ፣ ይሄ ልብ ወለድ ነው። ስምዎ የለበትም።»

«ስሜንማ እዚህ ከተማ የሚያውቀው የለም። ማን ነበረች?»

ታምሲን ወለሉን አየች። «ራሷ ናት። አልቅሳ ነው የነገረችን። ይውጣልኝ አለች። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ጽፈነው ነበር። ግን ኮርቢ ሌባ ከሆነች ማን ያየናል? ሰው አርባ ዓመት የወደዳት ሴት ናት። አዲሷ መርማሪም የምትቆመው በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ፔግ አዛወርነው። ፔግን ማንም አይጠረጥራትም፤ ለዚህ ነው ልብ የሚሰብረው።»

«ለኖርማ ነገራችኋት?»

«አንብበንላታል።»

«ምን አለች?»

«እስከ መጨረሻው አዳመጠችን። ከዚያ…» ታምሲን ቃሉን ለመዋጥ ሞከረች፤ የኤኒድ ዓይን ግን ብዙ ሰው ያናዘዘ ዓይን ነበር። «‹ኤኒድ ዝም ማለት ትችልበታለች› አለች።»

ድራማው ታየ። ቀለበቱ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ከተመልካቹ መሐል «አይይ፣ ፔግ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከፊት ያሉት አንገታቸውን እየጠመዘዙ አዩዋት። ሲያልቅ ጭብጨባ ሆነ፤ ቀጥሎም ስሟ ተጠራ፤ የኖርማን ቦርሳ ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች።

ስለ ኖርማ ልትል ያሰበችው ነገር ነበር፤ ስለ ዱላውና ስለ ሳቃቸው። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን የፍርድ ቤት ድምፅዋ ነው።

«ከኖርማ ኬተሪል ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዝናብ በሚወርድበት አንድ ንጋት አብረን አንድ ቤት ገብተናል። እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ወጣሁ። ቀለበት አልወሰድኩም።»

ከዚያ ኬን ከኋላ «ተከሳሿ ክዳለች!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የወዳጅ ሳቅ ነበር። አንዳንዱ እንባውን እየጠረገ ሳቀ፤ ፔግ በመጨረሻ ቀልድ ቻለች ብሎ ተደሰተ። «ፈትሿት!» አለ ሌላው። ጭብጨባው ቀጠለ።

ሪታ በሦስተኛው ረድፍ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። አልሳቀችም። ጭብጨባው ሲበርድ እጇን አላነሳችም፣ አልቆመችምም፤ የግራ እጇን ጣቶች በቀኝ እጇ ሸፍና ጭኗን ታያለች። ኤኒድ ፎቶውን አየች። ስሙ አፏ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚቀራት። ብትለው ግን ማን ሊያምናት? ለሟች አልቅሶ የመጣ ሕዝብ ነው፤ ምስክሯም ጭኗን እያየች ነው። ኖርማም ይህን ሁሉ ቀድማ አስባበታለች፤ ከሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ኖርማ እሷን አሳምራ ነበር የምታውቃት።

«አመሰግናለሁ» አለችና ወረደች።

በሩ አጠገብ የሙዚየሙ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ጠረጴዛ ዘርግታ ትጠብቃለች። ቦርሳውን በነጭ ጓንት ተቀብላ ከፈተችው፤ ውስጡን አየችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ገበሩ በእርጅና ተበጣጥሷል ልበል?»

«በእርጅና አይደለም። በመቀስ የተቀደደ ብለሽ ጻፊ። እንደዚያ ነው የሆነው።»

«ማን ቀደደው? ታሪኩ እንዳይጠፋ ብዬ ነው እንጂ ግዴታ የለብዎትም።»

ከአዳራሹ ውስጥ አሁንም ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ የእሷን ድምፅ እያስመሰለ «ቀለበት አልወሰድኩም» ይላል። ኤኒድ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

«ጓደኛዋ በዪ» አለች።